ከቀረጥ ነፃ የተላከው ልብስ ጥቅሙ ማን ጋ ቀረ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለሦስት ዓመት ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። የአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ዕድል አጎዋ ሲቋረጥ ኦርደር ቀንሷል ተብሎ ከሥራ ወጣሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አቶቴ አካባቢ አራት ማሽን ይዘን የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። አጎዋ ሊመለስ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የአውሮፓው ደግሞ ጭራሽ አልተቋረጠም ይላሉ። ወንድሜ ‹ከቀረጥ ነፃ የሚባለው ለነሱ እንጂ ለኛ አይደለም› ይለኛል። እውነት ጠቅሞናል? ጥቅሙስ ማን ኪስ ገባ? ለኛ ዓይነት ትንሽ ሥራ የሚሆን ነገርስ አለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ የያዙት የእውነቱን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት እርስዎ ራስዎ ሲሰፉት ከነበረው ልብስ ብንነሳ ይሻላል። በስብሰባ አዳራሽ ሲወራ የሚደበዝዘው ነገር ሁሉ አንድ ቲሸርት ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

አንድ የጥጥ ቲሸርት ጂቡቲ መርከብ ላይ ሲጫን ዋጋው 3 ዶላር ነው እንበል። አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው፤ ሦስቱ ዶላር ላይ 50 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ቲሸርቱ የፖሊስተር ከሆነ ቀረጡ 32 በመቶ ይደርሳል፤ ይህ 96 ሳንቲም ነው። አጎዋ ያደረገው ይህን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። አሁን ያንን 50 ሳንቲም ከሌላ ነገር ጋር ያስተያዩት። ጨርቁን ለመቁረጥ፣ ለመስፋት፣ ለመተኮስና ለማሸግ ፋብሪካው የሚያገኘው የእጅ ዋጋ፣ ፓርኩ ውስጥ ሲኤምቲ ሲባል የሰሙት፣ ለእንዲህ ያለ ቀላል ቲሸርት ብዙ ጊዜ ከዚያው ከ50 ሳንቲም እምብዛም አይርቅም። የቀረው የጨርቅ፣ የክር፣ የካርቶንና የማጓጓዣ ነው። ስለዚህ ቀረጡ ሲነሳ የዳነው ገንዘብ ልብሱን የሰፋው የአንድ ሙሉ ላይን (የስፌት መስመር) የእጅ ዋጋ ያህላል። ቀረጡ ሲመለስ ደግሞ ገዢው ለስፌቱ ሁለት ጊዜ የከፈለ ያህል ነው።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ አንድ ነገር ነው። ከፓርኩ የወጡ ብዙ ልጆች «ቀርፋፎች ስለሆናችሁ ነው ኦርደሩ የሄደው» ተብለው እንደወጡ ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ክፍተት ኦፕሬተሯ ምሳ ሰዓቷን ብታሳጥር፣ ሱፐርቫይዘሩም ቢቆጣ የሚሞላ አይደለም። ከሥራ የወጡት በእጅዎ ድክመት አይደለም።

ያ የዳነ 50 ሳንቲም ግን ተጠቅልሎ ሐዋሳ አልገባም። ገዢው ዋጋ ሲደራደር ቀረጥ እንደማይከፍል ያውቃል፤ ፋብሪካውም ያውቃል፤ ድርድሩ ይህንን ትርፍ ማን ይውሰድ የሚል ነው። ማርሴሎ ኦላሬጋ እና ቻላር ኦዝደን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የአጎዋን የመጀመሪያ ዓመታት መርምረው፣ የአፍሪካ ልብስ ላኪዎች ከተነሳላቸው ቀረጥ እጃቸው የገባው ሲሶው ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ቀረጡ በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ነበር፤ የላኪዎቹ ዋጋ ከፍ ያለው ግን በ6 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ሲሶ ገዢው ጋ ቀረ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ትልልቆቹ ገዢዎች ጥቂት ናቸው፣ ለመስፋት የተሰለፈው አገር ግን ብዙ ነው። አንድ ገዢ ያንኑ ናሙና ለናይሮቢም፣ ለሌሴቶዋ ማሴሩም፣ ለማዳጋስካሯ አንታናናሪቮም፣ ለሐዋሳም ልኮ ዋጋ ይጠይቃል። ሁሉም ከቀረጥ ነፃ ከሆኑ ቀረጡ መነሳቱ ለማናቸውም በሌላው ላይ ብልጫ አይሆናቸውም።

ሲሶውም አገር ቤት ሲደርስ እንደገና ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ማዕከል ስለ ሐዋሳው ፓርክ ባወጣው ሪፖርት የኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር መሆኑን አስፍሯል። በዚያው ሪፖርት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። በ750 ብር ሐዋሳ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ ልኮ መኖር ምን ማለት እንደነበር ከኔ የበለጠ እርስዎ ያውቁታል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ወለሉ ግን ያኔ፣ እናንተ ስትሰፉ፣ አልነበረም። የቀረጥ ነፃ ስምምነት ደመወዝ አይደነግግም። ከገዢው የመጣው ሲሶ ሠራተኛዋ ጋ እንዲደርስ የሚያደርገው የአገር ሕግና የሠራተኛ ማኅበር ነው፤ እሱን እኛው አላደረግንም። ወንድምዎ «ለነሱ» ሲሉ ይህንንም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ብዬም ግን አልጠቀመንም አልልም። ፓርኩ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ሲለወጥ በሩ አካባቢ ቆሜ አውቃለሁ። አስፋልቱ በልጃገረዶች ይሞላል፤ አንዳንዷ የፋብሪካውን ባጅ እንዳንጠለጠለች ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስለ ሁለት ብር ትከራከራለች። ቆሎና ሙዝ የሚሸጡት እናቶች ሰዓቱን ጠብቀው ላስቲካቸውን ያነጥፋሉ። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሲዳማ ገጠር የመጣችው ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የባንክ ደብተር ከፍታለች። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ በዚያው በር ሳልፍ ላስቲኩን ያነጠፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀረጥ ነፃ ዕድል ውጤቱ በዓመታዊ ሪፖርት ቢጻፍም፣ ለኔ ሚዛኑ ያ የበር አካባቢ ነው።

አሁን «ለምን እንዲህ በቀላሉ ተነጠቅን» ወደሚለው ልምጣ። ነገሩ ከመነሻው ጋር የተያያዘ ነው። ለታዳጊ አገሮች ቀረጥ ይነሳ የሚለው ሐሳብ ዓለም አቀፍ ቅርጽ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1968 ኒው ዴልሂ ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ነው። ሐሳቡን የገፉት የጉባኤው የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ነበሩ። ድሃ አገር ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ አያልፍለትም፤ የፋብሪካ ምርቱ በሀብታሞቹ ገበያ እግር እስኪተክል ድረስ ቀረጡ ይነሳለት ነው ነገሩ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1971፣ አሜሪካ በ1976 ሥራ ላይ አዋሉት። ተቀባዩ አገር በምላሹ የራሱን ቀረጥ እንዲያነሳ አይጠየቅም። ይህ ለጋስነት ይመስላል፣ ነውም። ነገር ግን ምንም ያልሰጠ ምንም የሚከራከርበት ውል የለውም። ለማን፣ ለየትኛው ዕቃ፣ እስከ መቼ የሚለውን ሰጪው ብቻውን ይወስናል።

አጎዋ በዚህ መንገድ የመጣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 ፈረሙት፤ የትኛው አገር ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ እያዩ ይወስናሉ። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እንደምትወጣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተነገረ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ወጣች። በመሃል የነበረው ሁለት ወር ነው። አንድ የልብስ ኦርደር ከናሙና ጀምሮ ኒውዮርክ መጋዘን እስኪገባ ስንት ወር እንደሚፈጅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ጨርቁ ታዝዞ መንገድ ላይ እያለ ሕጉ ተለወጠ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት ምርቶች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች፣ ፓርኩ ሲመሠረት ዋና አጋር የነበረው፣ በዚያው ኅዳር ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ። ኩባንያው ያኔ የጠቀሰው የጦርነቱን መባባስ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአጎዋ ላይ መደፍደፍ ልክ አይሆንም። ጦርነቱ ራሱ ገዢ ያባርራል። ሁለቱ ግን አብረው ነው የወረዱብን።

ከኛ በፊትም ያዩት አሉ። ማዳጋስካር ከመንግሥት ግልበጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ከአጎዋ ወጥታ እስከ 2014 ድረስ ውጭ ቆየች፤ ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረው ልብሷ አሽቆለቆለ፣ ስትመለስም የሄደው ገዢ በማግስቱ በሯን አላንኳኳም። ሩዋንዳ ሰልባጅ ልብስ ላይ ቀረጥ ከፍ አድርጋ የራሷን ልብስ ስፌት ልታሳድግ ብትል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የልብስ ምርቷ ከአጎዋ ታገደ። ይህን የሩዋንዳን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የዕድሉ ዓላማ አገር የራሱን ፋብሪካ እንዲያቆም ከሆነ፣ ሩዋንዳ ያደረገችው ያንኑ ነበር። ሌሴቶ ደግሞ ከአጎዋ ሳትወጣ እ.ኤ.አ. በ2025 የ50 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ታወጀባት። በኋላ ወደ 15 ቢወርድም በመሃል ያሉት ወራት ኦርደር ለማሸሽ በቂ ነበሩ።

ስለዚህ «አጎዋ ሊመለስ ነው» ሲባል ሁለት የተለያዩ በሮች እንዳሉ ይወቁ። አንደኛው ሕጉ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተራዘመለት ዘመን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ያበቃ ነበር፤ ዕድሜው የሚቀጥለው ኮንግረሱ ሲፈቅድ ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ ተመልሳ መግባቷ ነው፤ እሱ የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ነው። አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱም ቢከፈቱ እንኳ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የተራዘመ ሕግ ይዞ አዲስ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት ብዙ አያገኙም፤ ማሽኑ ዋጋውን እስኪመልስ ከዚያ ይረዝማል። የሚመጣው ቀድሞ የቆመ ሼድ የሚከራይ፣ ሲመቸው ሰፍቶ ሲከፋው የሚነሳ ነው። የዕድሉ ትልቁ ጉድለት የቀረጡ መጠን ላይ አይደለም፣ ነገ ይኑር አይኑር አለመታወቁ ላይ ነው።

የአውሮፓው ይለያል። ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም የተባለው ዕድል እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች ምርት ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይገባል፣ የጊዜ ገደብም አልተቆረጠለትም። እንደ ካምቦዲያ በከፊል የተነሳባት አገር አለች፤ በጠቅላላው ግን ከአጎዋ የተረጋጋ ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን አልወጣችም፤ የሰሙት ትክክል ነው። አውሮፓ በአብዛኛው ልብስ ላይ የምትጥለው ቀረጥ 12 በመቶ ነው፤ እኛ ዜሮ ነን። እንዲህ ከሆነ ከአሜሪካ ይልቅ ወደ አውሮፓ ለምን አልጎረፍንም?

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሙያዬ የቆመበት ቦታ ነው። ቀረጥ ዜሮ ነው ሲባል ሰው በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ይመስለዋል። በሩ ላይ ግን ጠያቂ አለ፦ ይህ ልብስ እውነት የኢትዮጵያ ነው? ጨርቁ ከቻይና፣ ክሩ ከህንድ፣ ዚፑ ከሌላ፣ ስፌቱ ከሐዋሳ ቢሆን የማን ነው ይባላል? ይህንን የሚወስነው የሥሪት አገር ሕግ ነው። አጎዋ ለድሃዎቹ አገሮች ጨርቁ ከየትም ይምጣ፣ እናንተ ከሰፋችሁት የናንተ ነው ብሎ ነበር። አውሮፓ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ድረስ ሁለት ደረጃ ትጠይቅ ነበር፤ ጨርቁም እዚሁ ተሠርቶ፣ ልብሱም እዚሁ ተሰፍቶ። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ነው ለኛ ዓይነት አገሮች አንዱ ደረጃ፣ ስፌቱ ብቻ፣ በቂ የሆነው። ጄሜ ደ ሜሎ እና አልቤርቶ ፖርቱጋል-ፔሬዝ የተባሉ አጥኚዎች የዚህን ልዩነት ውጤት ለክተውታል። በአጎዋ ዋነኛ ተጠቃሚ በሆኑ ሰባት የአፍሪካ አገሮች የቀረጡ መነሳት ብቻውን የልብስ መላኪያውን በ44 በመቶ ያህል ሲያሳድግ፣ ጨርቅ ከየትም ማምጣት መፈቀዱ ደግሞ 168 በመቶ ያህል ጨመረበት። የዋጋው ቅናሽ ካመጣው ይልቅ የወረቀቱ ሕግ መቅለሉ ያመጣው አራት እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው።

እኔ ይህን በቁጥር ከማየቴ በፊት በደንብ ቀምሼዋለሁ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለላኪዎች ሰነድ በማዘጋጀት እሠራ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ከእስያ ባመጣው ጨርቅ ሸሚዝ ሰፍቶ አንድ ኮንቴይነር ወደ ጀርመን ላከ። የሥሪት አገር ማረጋገጫውን፣ ያኔ ፎርም ኤ የምንለውን፣ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ እዚሁ የተሸመነ ነው ብለው ነገሩኝ፤ ደረሰኝ ሳልጠይቅ አመንኩ። ከወራት በኋላ የጀርመን ጉምሩክ ማጣሪያ ላከ፣ የጨርቁ ግዢ ወረቀት ሲታይ የውጭ ሆኖ ተገኘ። ገዢው 12 በመቶውን ቀረጥ ከፈለ፣ ከቀጣዩ ክፍያም ቀነሰው። ፋብሪካው ያንን ገዢ ዳግመኛ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ደረሰኙን በእጄ ሳልይዝ አንድም ወረቀት ፈርሜ አላውቅም።

የላላው ሕግ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጨርቅ ከውጭ ማምጣት ከተፈቀደ እዚህ የሚሸምን ማን ነው? ጥጥ በአዋሽ፣ በመተማ፣ በሁመራ ይመረታል፤ ሐዋሳም ፓርኩ ከመምጣቱ አስቀድሞ የራሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት ከተማ ናት። ሆኖም በፓርኩ የተሰፋው አብዛኛው ጨርቅ በመርከብ መጥቶ በመርከብ ተመለሰ። ወደ ውጭ የላክነው ልብስ ዋጋ 3 ዶላር ቢባልም ጨርቁ፣ ክሩና ዚፑ በዶላር ተገዝቶ ስለገባ አገር ውስጥ የቀረው ከአንድ ዶላር በታች ነው። የኔ አቋም ይህ ነው፤ የላላው ሕግ መግቢያ እንዲሆነን ያስፈልጋል፣ ግን እሱ ክፍት ሳለ ጨርቁን እዚህ የሚሠራ ካልተተከለ ሕጉ የተነሳ ዕለት ባዶ ሼድ ይቀራል። የሆነውም ይኸው ነው።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲዳማ ላይ ተቀምጦ ስለ ንግድ እያወሩ ቡናን መዝለል አይቻልም። ጥሬ ቡና አሜሪካም አውሮፓም ሲገባ መደበኛ ቀረጡ ዜሮ ነው፤ ለኛም፣ ለብራዚልም፣ ለቬትናምም። ከትልልቆቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን ለአንዱ እንግዲህ ይህ ሁሉ የቀረጥ ነፃ ዕድል አንዲት ሳንቲም አልጨመረለትም። አውሮፓ ቀረጥ የምትጥለው ተቆልቶ ሲመጣ ነው፣ 7.5 በመቶ፤ እኛ ከዚያ ነፃ ነን። ታዲያ ለምን የተቆላ ቡና አንልክም? ቀረጥ አይደለም የያዘን። የተቆላ ቡና ቶሎ ጣዕሙን ያጣል፣ በየአገሩ ጣዕም ተቀላቅሎ ይሸጣል፣ የመደርደሪያ ቦታው በትልልቆቹ የታወቁ ስሞች የተያዘ ነው። ይህኛው ዕድል ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ነው። በወረቀት አለን፣ በገበያ ግን አልደረስንበትም።

አሁን ባንግላዴሽን ይመልከቱ። አሜሪካ ለባንግላዴሽ ልብስ ያን ዓይነት የቀረጥ ነፃ ዕድል ሰጥታ አታውቅም፤ ቀረጡን እየከፈለች ከዓለም ቀዳሚ ልብስ ላኪዎች አንዷ ሆነች። አውሮፓ ከቀረጥ ነፃ ማድረጓ በእርግጥ በጣም ረድቷታል። አነሳሷ ግን ከሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የተባለ የባንግላዴሽ ኩባንያ 130 ያህል ሠራተኞቹን ደቡብ ኮሪያ ወደሚገኘው የዴዉ ፋብሪካ ለወራት ሥልጠና ላከ። ዴዉ ይህን የተስማማው የኮሪያ ልብስ በአሜሪካ ኮታ ስለተገደበበት፣ ኮታ ያልደረሰባት አገር ፈልጎ ነው፤ ያም በራሱ ሳይታሰብ የተገኘ የገበያ ዕድል ነበር። ተመልሰው ከመጡት ከ100 የሚበልጡት በዓመታት ውስጥ ዴሽን ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም አዲስ የተከፈቱትን መሩ። ዴሽ ሠራተኞቹን አጣ፣ ባንግላዴሽ ግን ኢንዱስትሪ አገኘች።

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ቶሎ ዓይኔ የገባው «አራት ማሽን» የሚለው ነው። የአጎዋ ሃያ ዓመት ለአገራችን ምን አተረፈ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አቶቴ ያሉትን አራት ማሽኖች አሳየዋለሁ። ፓርኩ የገዢውን ትርፍ አልሰጠዎትም፤ የስፌት ምጣኔን፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ በሰዓት የመሥራትን ሙያ ግን ይዘው ወጥተዋል፤ ያንን ዋሽንግተን ተቀምጦ በደብዳቤ የሚያነሳ የለም። የሚቆጨኝ እንደ እርስዎ ያሉት በጥቂቱ መሆናቸው ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያንን ሙያ ይዘው ወደ ገጠር ተመልሰዋል ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ማሽን የሚያበድራቸው አልተገኘም።

ወደ ሥራዎ ስንመጣ፣ በአራት ማሽን ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ ትልልቅ ገዢዎች ቲሸርት መላክን አይሞክሩት። እነሱ በአንድ ዓይነት በሺዎች ነው የሚያዙት፤ ከብራንድ ጋር የሚገናኙትም በትልቅ ፋብሪካ በኩል ነው። የተማሪ ዩኒፎርሙን አይልቀቁ፤ ሰኔና ነሐሴ ላይ የቤት ኪራይዎን የሚከፍልልዎ እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ልብስ ዋጋ ወጥቷል፤ ለእርስዎ ዓይነቱ ሥራ የአገር ውስጥ ገበያው ከበፊቱ ይመቻል፣ ጨርቁም አብሮ ባይወደድ ኖሮ ደግሞ የበለጠ በተመቸ ነበር። በፓርኩ የቀሩት ፋብሪካዎች ኦርደር ሲበዛባቸው ከውጭ የሚያሰፉት ቀላል ሥራ ካለ ጠይቁ፤ ሱፐርቫይዘር የነበረ የምታውቁት ሰው ከማመልከቻ ይፈጥናል።

ወደ ውጭ መላክ የምርም ከፈለጉ የሚያዋጣው በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ሸማኔ ጎረቤት ካላችሁ፣ እነሱ ሲሸምኑ እናንተ ዳሩን ብትሰፉ፣ ስካርፍ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ይወጣል። ከሌላ አገር ሲመጣ ስካርፍ አውሮፓ ላይ 8 በመቶ ገደማ፣ የጠረጴዛ ልብስ 12 በመቶ ይቀረጣል፤ የእናንተ ዜሮ ነው። ሽመናውም ስፌቱም እዚህ ስለሆነ የሥሪት አገር ጥያቄው አያስቸግርም። ወረቀቱም በፎርም ኤ ዘመን እንደነበረው አይደለም። ዕቃው ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ሬክስ በሚባለው ሥርዓት የተመዘገበ ላኪ መሆን ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ማንኛውም ላኪ ደረሰኙ ላይ በሕጉ የተቀመጠውን የሥሪት አገር መግለጫ ራሱ ጽፎ መላክ ይችላል። ለጀማሪ 6,000 ዩሮ ትልቅ ጭነት ነው፤ ይህች መስኮት ለእናንተ ዓይነቱ የተተወች ናት። ከአገር መውጫው የላኪነት ፈቃድና የባንክ ሰነድ ግን እንዳለ ነው፤ ፈቃድ ካለው ላኪ ጋር መሥራትም ይቻላል።

ከቀረጡ ይልቅ የምፈራላችሁ ቀለሙን ነው። አውሮፓ አዞ የሚባሉትን የተወሰኑ ማቅለሚያዎች በልብስ ላይ ከልክላለች፤ መርካቶ በኪሎ የሚሸጠው ቀለም ምን እንደያዘ ሻጩም አያውቀውም። ለመጀመሪያው ጭነት ቀለም ያልነካው ነጭ ወይም የጥጡ የራሱ መልክ ይሻላል። የክሩ ዓይነት ጥጥ ይሁን ቅልቅል መለያው ላይ በመቶኛ መጻፍ አለበት፤ ገበያ ላይ «ጥጥ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ክር ውስጥ አክሪሊክ ሲገኝ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ጫፉን አቃጥለው ይፈትኑ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል።

ክሩን ከገዙበት፣ ሸማኔውን ከከፈሉበት ዕለት ጀምሮ ደረሰኝ ይያዙ፤ ሸማኔው ደረሰኝ ከሌለው በእጅ የተጻፈና የተፈረመ ወረቀት ይሁን፣ ቀኑ፣ ስንት ሜትር፣ ከየትኛው ክር የሚለው ይኑርበት። መግለጫውን ከጻፉበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የጀርመኑ ማጣሪያ እኔን ያገኘኝ ረስቼው ሳለሁ ነበር።